የሐኪም ወረቀትና የኩላቡ ምንሽር

ጤና ጣቢያው ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ እምብዛም አይርቅም። አዛውንቱ ግን ያችን አጭር መንገድ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ጎራ አሉ፤ ቀጥሎ ከአንድ የዕድር ባልንጀራቸው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወጉ ቆዩ፤ በመጨረሻም ከአንድ ጠላ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ጫማቸው ውስጥ የገባውን ጠጠር አራገፉ። ጠጠር ግን አልነበረም። ኪሳቸው ውስጥ በአራት የታጠፈ ቅጽ አለ። ቅጹ ከአባታቸው የወረሱትን ምንሽር በስማቸው ለማስመዝገብ የሚያስፈልግ ነው፤ ከግርጌው የሐኪም ፊርማና ማኅተም የሚያርፍበት ባዶ ቦታ አለው። ከባዶው ቦታ በላይ የተጻፈችው አንዲት መስመር፣ ጠያቂው የአእምሮ ጤንነት ችግር የሌለበት ስለ መሆኑ ማረጋገጫ ትጠይቃለች።

ወሩ ሰኔ፣ ዘመኑ 2012 ዓ.ም.፣ ቦታው ጎጃም ውስጥ ያለች አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። ጤና መኮንኑ ከመጨረሻ ልጃቸው ዕድሜ የማይበልጥ ወጣት ነበር። በር ላይ ትኩሳት ያንቀጠቀጣቸውና ሕፃን ያዘሉ ሰዎች ይጠብቁታል። ቅጹን አየ፤ ሽማግሌውን አየ፤ ወንበር አሳያቸው።

«አባቴ፣ የአእምሮ ሕመም ኖሮብዎ ያውቃል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለብኝም።»

«ከቤተ ዘመድስ?»

«የለም ልጄ።»

«መጠጥ ያበዛሉ?»

«በበዓል ነው። እሱም ቢሆን ባለቤቴ ቀድታ ከሰጠችኝ።»

ወጣቱ ፈገግ አለና ፈረመ፤ ማኅተሙንም አሳረፈ። ሽማግሌው ሲወጡ ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር። ከሰጡት ሦስት መልስ ሁለቱ እውነት ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ይሁን ሐሰት ግን ራሳቸውም አያውቁም፤ ላብ ያወጣቸውም ይኸው ነው።

ነገሩ ከ2009 ዓ.ም. ይጀምራል። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ ልጃቸው በዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ሞተ። ለቅሶው እንደ ወጉ ተለቀሰ፤ ተዝካሩም ወጣ። ሰው ሲበተን ግን አዛውንቱ አብረው አልተበተኑም። እንደ ወትሮው ማልደው አይነሡም፤ ተኝተውም አያድሩም። እህል ሲቀርብላቸው ለወጉ ያህል እጃቸውን ይሰዱና ይሰበስባሉ። በሬዎቹን ለጎረቤት የእኩል ሰጡ። ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉትን ስለት ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከፍለው ጨረሱ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ጎረቤት ሁሉ በመንፈሳዊነታቸው አመሰገነላቸው። ባለቤታቸው ግን ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ የሚጨርስ ሰው ወዴት ሊሄድ እንደሚሰናዳ አሰቡና ደነገጡ።

አንድ ሌሊት እማወራዋ ነቅተው ቢዳስሱ የመደቡ ጎን ባዶ ነው። ቀና ብለው ቢያዩ ምንሽሩ የሚሰቀልበት ኩላብም ባዶ ነው። ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። ባላቸው ከጭድ ክምሩ ሥር ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«ጅብ የመጣ መስሎኝ ነው» አሉ ሽማግሌው።

እማወራዋ አንዳች አልተናገሩም። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እስኪነጋም አብረው ተቀመጡ።

በማግሥቱ ወንድማቸውን አስጠሩት። ወንድምየው መጣ፤ ቡና ጠጣ፤ ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ብዙ አወራ፤ ሊነሣ ሲልም «ጋሼ፣ የዘመድ ሠርግ አለብኝ፤ ባዶ እጄን ከምሄድ ምንሽሯን ቢያውሱኝ» አለ። ሽማግሌው ዝም ብለው ተመለከቱት። ከዚያም ተነሥተው ከኩላቡ አወረዱና ሰጡት። ሠርጉ አለፈ። ጠመንጃው አልተመለሰም። «ምላጯ ላላብኝ፤ ባለሙያ ዘንድ ሰጥቻታለሁ» የሚል መልእክት መጣ። ጥምቀት አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። ባለሙያው ገና አልጨረሰም። ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሽማግሌው በሬዎቻቸውን ከጎረቤት ካስመለሱና እንጀራ ጨምሩልኝ ማለት ከጀመሩ በኋላ፣ ጠመንጃው ተወልውሎ መጣ። ምላጩ እንደ ድሮው ነበር። ማንም ስለ ባለሙያው አልጠየቀም።

እማወራዋ ፊደል አልቆጠሩም። ስለ አእምሮ ሕክምና የሚያውቁት ነገር ቢኖር አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የሚባል ሆስፒታል መኖሩን ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚያውቁት ሰው ሲሰደብ ከሚጠራ ስሙ ነው። ሆኖም በዚያ በጋ የፈጸሙት ሥራ ዛሬ የዘርፉ ሊቃውንት ከሚመክሩት ከቶ የራቀ አይደለም፤ ሰውየውንና መሣሪያውን ክፉው ወቅት እስኪያልፍ ማለያየት፣ ይህንንም ሰውየውን ሳያዋርዱ ማድረግ።

ወጣቱ ጤና መኮንን የጠየቀው ጥያቄ ለምን ይህን ሁሉ ሊነካ አልቻለም? አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። «የአእምሮ ሕመም» የሚለው ሐረግ ወደ ገበሬው ጆሮ ሲደርስ «እብደት» ሆኖ ነው የሚሰማው፤ እብድ ደግሞ ጨርቁን የጣለ፣ መንገድ ለመንገድ ድንጋይ የሚወረውር ነው። ሽማግሌው ጨርቃቸውን አልጣሉም። እርሳቸው ያለፉበት ነገር በመንደሩ አንደበት ሌላ ስም አለው፤ «ሐሳብ ይዞታል» ይባላል፤ «ሆዱ ብሷል»፣ «ተክዟል»፣ «ከሰው ርቋል» ይባላል። ከእነዚህ አንዱም በቅጹ ላይ የለም። ጤና መኮንኑ «አባቴ፣ ሐሳብ ይዞዎት እንቅልፍ ያጡበት ዘመን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ሽማግሌው ምናልባት ስለ ልጃቸው ያወሩት ነበር። ምናልባት ነው እንጂ እርግጥ አይደለም፤ ደጅ ላይ ያ ሁሉ ሰው እየጠበቀ።

ሁለተኛው ምክንያት ከቋንቋም ይከብዳል። ሽማግሌው እውነቱን ቢናገሩ ምን ያገኛሉ? ምንሽሩ ይወሰዳል፤ ወሬው ከቀትር በኋላ ገበያ ይደርሳል፤ ያላገቡ ልጆቻቸውም በዘር ይጠረጠራሉ። በአንጻሩ የዋሸ ሰው ማኅተም ያገኛል። ይባስ ብሎ፣ በዚያ በጋ ጤና ጣቢያ ሄደው ስለ እንቅልፍ ማጣታቸው መድኃኒት ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ስማቸው በመዝገብ ላይ ይገኝና ይህ ወረቀት ይከለከሉ ነበር። አለመታከማቸው ጤነኛ አሰኛቸው። ልብ ይሏል፤ እንዲህ ያለው ምርመራ የታመመውን ከመሣሪያ ሳይሆን ከሐኪም የሚያርቅበት ጊዜ አለ።

መስመሯ ከየት መጣች ቢሉ ዕድሜዋ ረጅም ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጡት የጦር መሣሪያ ሕግ ላይ፣ በመጠጥ ልኩን ለሚያልፍ፣ አእምሮው ጤናማ ላልሆነ ወይም በማናቸውም ሌላ ምክንያት መሣሪያ በአደራ ሊሰጠው ለማይገባ ሰው ፈቃድ አይሰጥም የሚል ቃል ነበር። ቃሉ በቅኝ ግዛት በኩል ተሻግሮ በኬንያ ሕግ ውስጥም ገባ። ናይሮቢ ማታሪ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ያላት እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ነው፤ መሣሪያ ፈቃድ ሰጪውና ማቆያው ግን ለረጅም ዘመን እምብዛም ሳይተዋወቁ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የኬንያ መንግሥት የፈቃድ ቦርዱን አፍርሶ፣ በግል መሣሪያ የታጠቀ ሁሉ በ90 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲመረመር አዘዘ። በናይሮቢ ሽጉጥ ታጥቆ ምሳ የሚበላው ነጋዴና ባለሥልጣን ሁሉ ወረቀቱን ይዞ መሰለፍ ነበረበት። አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ለዘላለም እንዳልተሰጠ መታወቁ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጣ። ፈቃድ ጠያቂው ከሚያሟላቸው ነገሮች መካከል የአእምሮ ጤንነት አንዱ ሆነ። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ባሕር ማዶ ተልኮ ይማር ነበር። ጠመንጃው ያለው በየጎጡ ነው፤ ሐኪሙ ያለው በትልልቁ ከተማ ነው። በመካከል ያለውን ርቀት የሚሸፍነው ያ ደጁ በሕሙማን የተሞላበት ወጣት ጤና መኮንን ነው።

ሐኪም በሞላበት አገርስ ነገሩ ይቃናል ወይ? ኦስትሪያ ውስጥ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የሥነ ልቡና ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ግራትስ በምትባለው ከተማ አንድ የ21 ዓመት ወጣት ድሮ ይማርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ገብቶ 10 ሰው ገደለ፤ ራሱንም አጠፋ። መሣሪያዎቹ በሕጋዊ መንገድ የተያዙ ነበሩ። ይህ ወጣት ለውትድርና ቀርቦ በሥነ ልቡና ብቁ አይደለህም ተብሎ የተመለሰ፣ ለግል መሣሪያ የሚጠየቀውን ፈተና ግን ያለፈ ነው። ሠራዊቱ ያወቀውን ፈቃድ ሰጪው አላወቀም፤ የግል መረጃን የሚጠብቀው ሕግ በመካከል ቆሞ ነበርና። የአንድ መንግሥት ሁለት በሮች፣ አንዱ የዘጋውን ሌላው ከፈተው።

እንዲህ ያለው ዜና ዓለምን ስለሚያናውጥ፣ ስለ መሣሪያና ስለ አእምሮ ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ሌላውን የሚገድለውን ሰው ነው። በዚህም በአእምሮ ሕመም የሚሠቃየው ወገን ሁሉ በነፍሰ ገዳይነት ይጠረጠራል፤ አብዛኛው ግን በማንም ላይ እጁን የማያነሣ፣ እንዲያውም የሌላው በደል ሰለባ የሚሆን ነው። ትልቁ ሞት ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 በጥይት ከሞቱት 48,830 ሰዎች መካከል 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ጠመንጃ ለጸጸት ጊዜ አይሰጥም። በሌላ መንገድ ሞክሮ የተረፈ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ በዚያ መንገድ አይሞትም። ክፉው ሐሳብ እንደ ደመና የሚያልፍ ነው፤ ጥያቄው በሚያልፍበት ሰዓት እጁ ሥር ምን አለ የሚለው ነው።

ለዚህ ግልጽ ምስክር የሚሆነው የእስራኤል ጦር ነው፤ ከጎንደርና ከትግራይ የሄዱ ቤተሰቦች ልጆችም ያገለግሉበታል። ወጣቶቹ ወታደሮች ለሰንበት ዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። ከእነርሱም ውስጥ በዚያ የዕረፍት ቀን፣ በዚያው መሣሪያ ራሳቸውን የሚያጠፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጦሩ ጠመንጃው ሰፈር እየቀረ ወታደሩ ብቻ ወደ ቤት እንዲሄድ አደረገ። በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከዚያ በኋላ በወጣት ወታደሮቹ ዘንድ ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። የቀነሰው በአብዛኛው በሰንበት ዕረፍት ይደርስ የነበረው ነው፤ በሥራ ቀናት የታየ ይህን ያህል ለውጥ አልነበረም። ትእዛዙ ማንንም «አእምሮህ እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቀም። የእማወራዋን ወንድም የሠርግ ብድር የሚመስል ነገር ነው፤ ልዩነቱ በትእዛዝ መሆኑ ነው።

እማወራዋን የሚመስል ሰው በሕግ ውስጥ ቦታ ያገኘበት አገር አለ። ካናዳ ውስጥ፣ በ1989 ሞንትሪያል ላይ አንድ ሰው 14 ሴቶችን ከገደለ በኋላ በተነሣው ክርክር የተነሣ በ1995 አዲስ ሕግ ወጣ። በዚያ አገር የመሣሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አብራው የምትኖረውን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት አብራው ኖራ የተለየችውንም የትዳር ጓደኛውን ማሳወቅ አለበት። እርሷ ካልፈረመች ባለሥልጣኑ ራሱ ነገሩን ያሳውቃታል። ባሏ ሌሊት የት እንደሚቀመጥ የምታውቅ እርሷ መሆኗን ሕጉ ተረድቷል።

ይህን ፊርማ ወደ ጎጃም አምጥቶ መትከል ግን ቀላል አይደለም። እማወራዋ በፖሊስ ፊት ቀርበው «ባሌ መሣሪያ ሊይዝ አይገባውም» ብለው አሻራቸውን ቢያኖሩ፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ወደየት ቤት ይመለሳሉ? ባል ሁሉ እንደ እኚህ ሽማግሌ አይደለም። በኩላቡ ላይ ያለው ጠመንጃ ለስንቷ ሴት የዝምታዋ ምክንያት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእማወራዋ ብልሃት የሠራው አንድም ስላልተጻፈ ነው፤ ሽማግሌውም አንድም ለመሸነፍ ስለፈቀዱ ነው። ይህ ሁለቱ ባልተገናኙበት ቤት ሌላ መላ ያስፈልጋል፤ እርሱም ከመንግሥት እንጂ ከወንድም አይገኝም።

አሁን ግን የተሠራበት ብልሃት ራሱ እንቅፋት ገጥሞታል። የመሣሪያ ፈቃድ በስም የሚሰጥ ነው፤ ባለፈቃዱ መሣሪያውን ፈቃድ ለሌለው ለሌላ ሰው አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም። ሕጉ ይህን ያለው በበቂ ምክንያት ነው፤ መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወዴት እንደሚደርስ ያየ አገር ነውና። ነገር ግን ፈቃድ የሌለው አማች ለሠርግ ብሎ የተዋሰው ምንሽር ዛሬ ወንጀል ሊሆን ነው። በአሜሪካም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2014 መሣሪያ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ሁሉ ማጣሪያ እንዲደረግ በድምፁ ሲወስን፣ የቀረበን ሞት ለመከላከል ለጊዜው የሚደረግ መሰጣጠትን ከዚህ ነጻ አደረገ። በኮሎራዶም ክፉ ጊዜ የገጠመው ሰው መሣሪያውን ለጊዜው በአደራ የሚያስቀምጥባቸውን የመሣሪያ መደብሮችና የፖሊስ ጣቢያዎች የሚያሳይ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። ምክንያት ሳይጠየቅ የሚያኖርበት፣ ሲሻለው ደግሞ የሚመልስለት ሥፍራ ማለት ነው። በአንዲት የወረዳ ከተማ ለእንዲህ ያለው ነገር አንድ የብረት ሳጥንና አንድ የታመነ ሰው ይበቃ ነበር። የአዋጁ አርቃቂዎች ስለ ቅጣቱ ያሰቡትን ያህል ስለዚህ ቢያስቡ ምን ነበረበት?

አዛውንቱ ፈቃዳቸውን አገኙ። የሐኪሙንም ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ከዳዊታቸው መካከል አኖሩት። ክረምቱ ወጣ፤ መስከረም ጠባ። በጥቅምት መጨረሻ በሰሜን ጦርነት ተነሣ። ሬዲዮው ከጧት እስከ ማታ ስለ ግንባር ያወራ ጀመር፤ በየመንደሩም ያለው ሰው መሣሪያውን እያወረደ ይወለውል ገባ። ኅዳር 2013 ዓ.ም. የልጃቸው አራተኛ ሙት ዓመት ነበር። ሽማግሌው ከዋዜማው ሦስት ሌሊት አስቀድሞ እንቅልፍ እንቢ አላቸው። እማወራዋ ይህን አዩ፤ ነገር ግን ወንድማቸውን እንዳይልኩበት ፈሩ። ፖሊስ በየመንገዱ መሣሪያ የያዘውን እያስቆመ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በዚያ ምንሽር ላይ ያለው የወንድምየው ስም አይደለም።

በሦስተኛው ሌሊት ኮቴ ሰምተው ነቁ። ኩላቡ ባዶ ነው። ነጠላቸውን ሳይደርቡ ወጡ፤ ወደ ጭድ ክምሩ ሮጡ፤ ማንም የለም። ሽማግሌው ከበሩ ውጪ ምንሽሩን በጋቢ ጠቅልለው፣ በትራቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

«ወዴት ነው በዚህ ሌሊት?»

«ወንድምሽ ዘንድ» አሉ ሽማግሌው። «ሠርግ ነበረበት መሰለኝ።»

እማወራዋ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡና ፋኖሱን ይዘው ወጡ፤ «ፖሊሶቹ ካሉበት ድልድይ በላይ ባለው በወንዙ ዳር እንሂድ» አሉ።